ነጩ ሞዴል ለምን ቅቤ መሰለ?

ጥያቄ፦ የፕላስቲክ አውሮፕላን ሞዴል (1:144፣ ከእውነተኛው 144 ጊዜ ያነሰ) ገጣጥሜ ከቀለም ሱቅ በገዛሁት ነጭ የዘይት ቀለም ቀባሁት። የድሬ ፀሐይ እንዳያበላሸው ብዬ በጨርቅ ጠቅልዬ ቁም ሣጥን ውስጥ አኖርኩት። ከዓመት በኋላ ሳወጣው ቅቤ መስሏል። ፀሐይ ሳይነካው ምን ነካው? (ከከዚራ፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ የነካው ጨለማው ነው። የዘይት ቀለም ዱቄቱን አጣብቆ የሚይዘው የተልባ፣ የአኩሪ አተር ወይም የመሳሰለው ዘይት ነው። ይህ ዘይት የሚደርቀው ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ሲሆን፣ ደረቀ ከተባለ በኋላም ሥራውን አያቆምም፤ ቢጫ ነገር እያበጀ ይሄዳል። ብርሃን ይህን ቢጫ ያነጣዋል፣ ጨለማ ያጠራቅመዋል፣ ሙቀት ያፋጥነዋል። ፕላስቲኩ ደግሞ ተቃራኒ ነው፤ እሱን ቢጫ የሚያደርገው ብርሃን ነው።

ስለዚህ አስቀድመው ይለዩ። ጥጥ በሳሙና ውሃ ነክረው ይጥረጉት፤ ጥጡ ቢጫ ሆኖ ከወጣ የከሰል፣ የዕጣን ወይም የሲጋራ ጢስ ነው፣ ማጠብ ብቻ ይበቃል። ካልሆነ ክንፉ የሚጋርደውን ቦታ ይዩ። የተጋረደው ከሌላው ይልቅ ቢጫ ከሆነ ጥፋቱ የዘይት ቀለሙ ነው፤ የተጋረደው ነጭ ሆኖ ሌላው ቢጫ ከሆነ ጥፋቱ የብርሃን ነው።

የእርስዎን ለጥቂት ቀን መስኮት አጠገብ ቢያስቀምጡት በመጠኑ ይመለሳል፤ ቁም ሣጥን ሲገባ ግን ያው ነው። የሚያዛልቀው በአክሪሊክ (በውሃ የሚቀጥን፣ ዘይት የሌለበት ቀለም) መቀባት ነው። የድሮውን ቀለም በቲነር ወይም በአሴቶን ለማንሳት አይሞክሩ፤ ፕላስቲኩን ራሱን ያሟሙታል። በ1000 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ውሃ እያስነኩ በስሱ ይፈግፍጉት፣ በሳሙና አጥበው አንድ ቀን ያድርቁት። ከዚያ ነጭ አክሪሊክ 3 ወይም 4 ጊዜ፣ በየመሀሉ 30 ደቂቃ ያህል እየጠበቁ ስስ አድርገው ይቀቡ። በአንዴ ወፍራም የተቀባ ነጭ ጠርዝ ላይ ይሸሻል፣ መሀሉ ላይ ይቋጠራል። ማሳረጊያውም በውሃ የሚቀጥን አክሪሊክ ቫርኒሽ ይሁን፤ በዘይት የሚሠራው የእንጨት ቫርኒሽ ገና ከጣሳው ሲወጣ ቢጫ ነው።

የመስታወት መደርደሪያ መከላከያ ነው የሚለውን አይመኑ። ተራ መስታወት ፕላስቲክን ቢጫ ከሚያደርገው የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ብዙውን ያሳልፋል። መደርደሪያውን ፀሐይ በቀጥታ የማታርፍበት ግድግዳ ላይ ያድርጉት።

ጥያቄ፦ ያልተቀባ ነጭ የፕላስቲክ ክፍል ቢጫ ሆኖብኛል። በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይነጣል የሚሉት እውነት ነው? (ከሐረር)

መልስ፦ እውነት ነው፤ ለባዶ ፕላስቲክ ብቻ ግን። ከፋርማሲ የሚገኘው 3% ይበቃል። ብረትና ጎማውን አውጥተው፣ ክፍሉን ብርሃን በሚያሳልፍ ዕቃ ውስጥ ፈሳሹ ሙሉ በሙሉ እንዲሸፍነው አድርገው ይዘፍዝፉትና ፀሐይ ላይ ያውጡት። ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ይፈጃል። በየሰዓቱ ያገላብጡት፤ አረፋ የተጣበቀበት ቦታ ዥንጉርጉር ሆኖ ይቀራል። ክዳኑን አያጥብቁ፤ የሚወጣው ኦክስጅን መውጫ ካጣ ዕቃውን ሊያፈነዳው ይችላል። ፀጉር ቤት የሚጠቀሙበት 6 ወይም 12% ፈጣን ነው፤ ያለ ጓንትና ያለ መነጽር አይንኩት። ቢጫው ከወራት በኋላ ሊመለስ ስለሚችል፣ ነጥቶ እንደደረቀ በአክሪሊክ ይቀቡት።