ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ሸረሪቷ ሳትነክሰው ዓይኑ ቀላ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምጽፍልዎ ከጎንደር፣ ከአዘዞ ነው። የ19 ዓመት ልጄ ከውጭ የመጣ ጓደኛው የሰጠውን መዳፍ የሚያህል ጸጉራም ሸረሪት በመስታወት ሣጥን ያሳድጋል። «ታራንቱላ ናት፣ አገሯ ብራዚል ነው» ይለኛል። እሁድ ሣጥኑን ሲያጸዳ ውሎ ክንዱን አሳከከው፤ ማታ ግራ ዓይኑ ቀላ። አልነከሰችኝም ብሎ ይምላል። ቴትራሳይክሊን ብንቀባለትም ይኸው አምስት ቀኑ። የሸረሪቷም ሆድ ከላይ መላጣ ሆኗል። ጎረቤቶቼ «ሸንታበት ነው» ይላሉ። ትገድልብኝ ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ ልጅዎ እውነቱን ነው። ለእኔ ነገሩን የነገረኝ ያ መላጣ ነው። የደቡብ አሜሪካ ታራንቱላዎች ብዙዎቹ ሆዳቸው ላይ ደቃቅ፣ እሾሃማ ጸጉር አላቸው። ሲደነግጡ በኋላ እግራቸው ቶሎ ቶሎ ይፍቁታል። ጸጉሩ እንደ በርበሬ ብናኝ ይበተናል። በለስ ስንልጥ ጣታችን ላይ የሚቀረውን እሾህ ያስታውሱ፤ ያ ዓይን ውስጥ ቢገባ ማለት ነው።

ስለዚህ ነገ ዛሬ ሳትሉ ዓይን ሐኪም ጋ ውሰዱት። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የዓይን ክፍል በታክሲ የሚደረስ ነው። «የሸረሪት ጸጉር ነው» ብሎ ይንገራቸው፤ አለበለዚያ ተራ የዓይን ልክፍት ሊመስል ይችላል። በማጉያ መሣሪያ ካልታየ ጸጉሩ አይገኝም። እስከዚያው ዓይኑን አይሸው! ማሸት ወደ ውስጥ ይሰደዋል። ስቴሮይድ ያለበት ጠብታ ሊታዘዝለት ይችላል፤ ግን በራሳችሁ ከፋርማሲ እንዳትገዙ፣ ያለ ክትትል ዓይን ያበላሻል። ክንዱ ላይ ፕላስተር ለጥፎ ላጥ ቢያደርገው ከጸጉሩ ጥቂቱ ይወጣል፤ ከዚያ በውሃና በሳሙና ይታጠበው።

ሽንቱን እርሱት። ውሃ የቋጠረ ሽፍታ በወጣ ቁጥር «ሸረሪት ሸናብኝ» የሚል ሰው አይጠፋም፤ ብዙ ጊዜ ሲታይ አልማዝ ባለጭራ ነው፣ እሱም የጉድፍ ቫይረስ ሥራ ነው።

ብትነክሰውስ? የብራዚሎቹ ንክሻ እንደ ንብ ነው። በታራንቱላ መርዝ ሰው ስለመሞቱ የተረጋገጠ ነገር የለም። የእኛው አፍሪካ ታራንቱላዎች ያ ጸጉር የላቸውም፤ ንክሻቸው ግን ይብሳል።

ያሳድጋት ወይ? እኔ አልከለክልም። ሲያጸዳ ጓንትና መነጽር ያድርግ፣ ፊቱን ሣጥኑ ላይ አይድፋ፣ መኝታ ቤትም አትግባ፤ በተለይ አስም ያለበት ካለ። እጁ ላይም አያውጣት፤ ከወደቀች ሆዷ ይፈነዳል። ሴት ከሆነች ደግሞ 20 ዓመት ልትኖር ትችላለች። ልጅዎ አግብቶ ሲወጣ ሣጥኑ ለእርስዎ እንዳይቀር ከአሁኑ ተነጋገሩበት።

አንድ ቀን በጀርባዋ ተንጋላ ካዩዋት ሞተች ብለው እንዳይጥሏት። ቆዳዋን እየቀየረች ነው፣ አትንኳት። አዲሱ ቆዳ ሲወጣ መላጣውም ይሞላል፤ ያኔ ጥይቷ ሙሉ ነውና ልጅዎ መነጽሩን እንዳይረሳ።