ሽታን በሽታ መሸፈን

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ከአራት ኪሎ ወረድ ብሎ ግንፍሌ፣ ኮንዶሚኒየም ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው የምንኖረው። ቤቱን የቱንም ያህል ባጸዳ አንድ ደስ የማይል ጠረን አይለቀውም። ውኃ በፈረቃ ስለሆነ በባኞ ነው የምንታጠበው። ለበዓል ክፍለ አገር ሰንብተን ስንመለስማ ሽታው በር ላይ ይቀበለናል። እንግዳ ሲመጣ እሳቀቃለሁ። ስለዚህ ኤር ፍሬሽነር እነፋለሁ፣ ሰንደል እለኩሳለሁ፣ መታጠቢያ ቤት ናፍታሊን አስቀምጫለሁ። አብረውን የሚኖሩት አማቴ ደግሞ ቡና ባፈሉ ቁጥር ቤቱ እስኪታፈን ዕጣን ያጨሳሉ። የ6 ዓመት ልጄ አስም አለባት፤ ሰሞኑን ሌሊት ሌሊት ታስላለች። ከዚህ ይሆን? ከሆነስ አማቴን ምን ልበላቸው?

መልስ፦ እህቴ፣ የአማትዎን ነገር ወደ ኋላ ላቆየው፤ እሱ ይከብዳል። ከልጅቷ ልጀምር።

አዎ፣ ጭሱም የሚነፋው ሽቶም ሳሏን ሊያባብሱት ይችላሉ። አስም ያለበት ሰው የአየር ቧንቧው ቁጡ ነው። ሌላው ልብ በማይለው ነገር ይቆጣል፣ ይጠብባል። ሽታው ለአፍንጫ ደስ ማለቱ ለሳንባ ምኑም አይደለም።

ኤር ፍሬሽነር ሽታ አያጠፋም፤ በላዩ ሌላ ይደርብበታል እንጂ። አፍንጫ ደግሞ ቶሎ ይለምዳል። ከደቂቃዎች በኋላ ሽቶው ስለማይሰማዎ «ጠፋ» ብለው ይደግሙታል፤ ከውጭ የገባው ሰው ግን ይታፈናል። ሎሚ ሎሚ የሚሉት ውስጥ ሊሞኒን የሚባል ነገር አለ። አየር ላይ ካለ ኦዞን ጋር ሲገናኝ ፎርማልዲሃይድ ይወጣዋል። አስከሬን እንዳይበላሽ የምንጠቀምበት ፎርማሊን የሚሠራው ከዚሁ ነው። መጠኑ ትንሽ ነው፣ ላስፈራራዎ አይደለም። ግን አስም ያለባት ልጅ የምትተኛበት ቤት ምን ሊያደርግ?

አሁን ወደ ዋናው ሽታ። ደብዳቤዎን ሳነብ «በባኞ ነው የምንታጠበው» እና «ሰንብተን ስንመለስ» ያሉት ላይ ቆምኩ። ቆሻሻ ያለበት ቤት ሁልጊዜ ነው የሚሸተው። ቤቱ ተዘግቶ ሲሰነብት ከባሰ ግን እኔ የምጠረጥረው የፍሳሽ መስመሩን ነው።

እስቲ የመታጠቢያ ቤቱን ወለል የፍሳሽ ክዳን ያንሱና በስልክዎ መብራት ወደ ውስጥ ይዩ። ውኃ ካብለጨለጨ ደህና ነው። ደረቅ ጉድጓድ ከታየዎ አገኙት። እዚያ ውስጥ ያለው ሲፎን ሁልጊዜ ጥቂት ውኃ ይዞ እንዲቀር ተደርጎ ነው የሚሠራው። ያ ውኃ በር ነው፤ የፍሳሹን ጋዝ ወደ ቤት አያስገባም። በባኞ ታጥባችሁ ውኃውን የሽንት ቤቱ መቀመጫ ውስጥ የምትደፉ ከሆነ የወለሉ ቀዳዳ ሳምንቱን ሙሉ ጠብታ አያይም። ይደርቃል። በሩ ተከፈተ ማለት ነው። አንድ ሊትር ያህል ውኃ ያፍስሱበት። ስትሄዱ ደግሞ በላዩ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ጨምሩ፤ ውኃው ቶሎ እንዳይተን ይጋርደዋል። ማንም የማይጠቀምበትን የእጅ መታጠቢያም አይርሱት።

እኔ ራሴ አንድ ክረምት ሶፋ ሳገላብጥ፣ ፍሪጅ ከግድግዳ ሳላቅቅ ከርሜ፣ ሽታው የተገኘው ከማንጠቀምበት ሻወር ቀዳዳ ነው። ባለቤቴ ዛሬም ትስቅብኛለች።

ውኃ ጨምረውም ካልተሻለ የቧንቧ ሠራተኛ ይጥሩ። የቀረው የታወቀ ነው። መወልወያው እርጥቡን ባልዲ ውስጥ አይደር፣ በረንዳ ላይ ይሰጣ። የሰሃን ስፖንጁን ቶሎ ቶሎ ይቀይሩ። ሽንኩርት ሲያቁላሉ የመኝታ ቤቱን በር ዘግተው የወጥ ቤቱን መስኮት ይክፈቱ። የመኪናው ግርግር በረድ ሲል፣ ጠዋት 4 ሰዓት ገደማ፣ በሁለት ወገን መስኮት ለሩብ ሰዓት ይከፈት። «ነፋስ ይመታታል» የሚለውን አውቃለሁ። ልጅቷን ፊት ለፊቱ አያስቀምጧት እንጂ ቤት አፍኖ መዋል ይብሳል።

ናፍታሊኑን ዛሬውኑ ያውጡት። ትነቱ ለመተንፈሻ አካል ጥሩ አይደለም። ጂ6ፒዲ የሚባል ኢንዛይም የሚያንሳቸው ሕፃናት ላይ ደግሞ ቀይ የደም ሕዋሳትን ያፈርሳል፤ ልጅም ከረሜላ መስሎት ሊውጠው ይችላል። ሽታ ላጥፋ ብለው በረኪናን ከኮምጣጤ ወይም ከሽንት ቤት አሲድ ጋር እንዳይቀላቅሉ አደራ። ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ ጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ጤነኛውንም ሰው ይጥላል።

ዕጣኑስ? እኔም ያለ ዕጣን ቡና ቡና አይመስለኝም። ነገር ግን ጭስ ጭስ ነው፣ የዕጣንም ይሁን የሰንደል። ጎጂዎቹ ብናኞች ከ2.5 ማይክሮሜትር ያነሱ ናቸው፤ ከፀጉር ውፍረት 30 ጊዜ ገደማ ይቀጥናሉ። እስከ ሳንባ ጥግ ይገባሉ። ከሰሉ ደግሞ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። እሱ ሽታ የለውም፤ በተዘጋ ቤት ሰው ይገድላል። ስለዚህ ቡናው በኤሌክትሪክ ምድጃ ይፈላ። ለዕጣኑ የሚሆነው ትንሽ ፍህም በረንዳ ላይ ይያያዝና ተመልሶም እዚያው ይጥፋ። ሁለት ሦስት ፍሬ ዕጣን፣ መስኮት ተከፍቶ፣ ልጅቷ ትምህርት ቤት ሳለች፤ ሳትመለስ ቤቱ በደንብ ይናፈስ። ይህም ሆኖ ሳሉ ካልተሻለ ዕጣኑ ጨርሶ ይቅር። ሰንደሉንና የሚነፋውን ግን እርስዎ ራስዎ አሁኑኑ ይተዉልኝ። ቤት ጠረን ይኑረው ካሉ ቡናው ሲቆላ ከሚያወጣው ሽታ የሚበልጥ ምን አለ? እሱም ቢሆን ጭሱ ሳይበዛ።

ሌሊት ሌሊት ማሳሏ ግን አስሟ በደንብ እንዳልተያዘ ምልክት ነው። ጭሱ እስኪቀንስ አይጠብቁ፤ በዚህ ሳምንት ሐኪሟ ይያትና መድኃኒቷን ይከልስ። ፓፉን፣ ማለትም በአፍ የሚሳበውን የአስም መድኃኒት፣ ስትጠቀም እንዴት እንደምትስበውም ያሳዩት፤ ብዙ ልጆች አፋቸው ውስጥ ነው የሚያስቀሩት። ስትተነፍስ የጎድን አጥንቷ መሃል ወደ ውስጥ ከገባ፣ ማውራት ካቃታት ወይም ከንፈሯ ከጠቆረ በሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሩጡ።

አማትዎን በተመለከተ «ዕጣንዎ ልጄን አሳመመብኝ» አይበሏቸው። ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ ይዘዋቸው ይሂዱ። «የልጅ ልጅዎ ደረት ሲያፏጭ ይስሙ» ብሎ ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ ቢያደርግላቸው ከእርስዎም ከእኔም ቃል ይበልጣል። ካልሆነም «ዶክተሩ ነው ያለው» ብለው በእኔ ያሳብቡ። እኔን አይቆጡኝም፣ አያውቁኝም።