እናንተ ጠይቁ፦ የሃንተርስ ፖይንት አፈር እስካሁን ለምን አልጸዳም?

ጥያቄ፦ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ሃንተርስ ፖይንት የሚባል የድሮ የአሜሪካ ባህር ኃይል መርከብ መጠገኛ አለ። ሥራ ያቆመው በ1974 ነው፣ እስከ ዛሬ ግን "እየጸዳ ነው" ይባላል። ምን ቢኖረው ነው ይሄን ሁሉ ዘመን የፈጀው? ደግሞስ መርከብ መጠገኛ ውስጥ ጨረር ምን ይሠራል?

መልስ፦ ወዳጄ፣ ከጨረሩ ልጀምርልህ፣ ዋናው ጣጣ እሱ ነውና። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) በ1946 አሜሪካ ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ቢኪኒ ደሴቶች አጠገብ ሁለት የአቶሚክ ቦምቦች አፈነዳች። ቦምቡ መርከብን ምን እንደሚያደርግ ለማየት ባዶ መርከቦች እዚያው ተደርድረው ነበር። ሁለተኛው ቦምብ የፈነዳው ከውሃ ሥር ነው፤ ጨረር ያዘለው ውሃ ተነስቶ መርከቦቹ ላይ ወረደባቸው። መርከበኞቹ በሳሙናና በብሩሽ ቢፈትጉት ቢፈትጉት አልለቅ አለ። ከዚያ የተወሰኑት መርከቦች ሃንተርስ ፖይንት መጡ፣ እዚያም አሸዋ በአየር ግፊት እየተረጨባቸው ቀለማቸው ተላጠ። እስቲ አስበው፣ ከብረቱ ላይ የተላጠው ነገር የት ሄደ? የትም። መርከቡ ላይ የነበረው አሁን አሸዋው ውስጥ ገባ፣ ሌላ ምንም የተለወጠ ነገር የለም። ኢንዲፔንደንስ የተባለችው አውሮፕላን ተሸካሚ ለምርምር እዚያ ቆይታ በ1951 ባህር ውስጥ እንድትሰጥም ተደረገች።

በዚያው ግቢ የባህር ኃይሉ የጨረር ምርምር ላቦራቶሪ እስከ 1969 ሠርቷል። ሌላው ደግሞ ሬዲየም የሚባለው ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ነው። የድሮ መርከብ ጌጆች (ሰዓት የሚመስሉ መለኪያዎች) በጨለማ እንዲታዩ በሬዲየም ቀለም ይቀቡ ነበር፤ ሲያረጁ ግቢው ውስጥ ካለው ቆሻሻ መጣያ ይጣላሉ። ሬዲየም ግማሹ እንኳ እስኪጠፋ 1,600 ዓመት ያህል ይፈጃል፣ ስለዚህ "ቆይቶ በራሱ ይጠፋል" የሚባል ነገር የለም። በዚህ ላይ እርሳስ ያለበት ቀለሙን፣ አስቤስቶሱን፣ የትራንስፎርመር ዘይቱን፣ የግሪስ ማጠቢያ ኬሚካሉን ጨምርበት።

ጥያቄ፦ ታዲያ ቆፍሮ ማውጣት ነዋ! ምኑ ነው የከበደው?

መልስ፦ መቆፈሩማ ቀላሉ ነው። የት እንደሚቆፈር ማወቁ ነው የሚያስቸግረው። ሬዲየምና ሲዚየም የሚባለው ሌላ ጨረር አመንጪ ያሉበት አፈር ጋማ የሚባል ዘልቆ የሚወጣ ጨረር ይለቃል፤ መሣሪያ ይዘህ ቀስ እያልክ ስትሄድ ይጠቁምሃል። ስትሮንቲየም 90 የሚባለው ጨረር አመንጪ ግን የሚለቀው ቤታ የሚባለውን ጨረር ነው፣ እሱን ለማገድ ከላዩ ያለ ስስ አፈር ይበቃል፣ መሣሪያህ ዝም ይላል። ስለዚህ ናሙና ወስደህ ላቦራቶሪ መላክ ግድ ነው። እንግዲህ መላው ሥራ ያቺን አፈር ከጉድጓዱ በሚዘግነው ሰው እጅ ላይ ወደቀ ማለት ነው።

ነገሩ የተበላሸውም እዚህ ላይ ነው። ባህር ኃይሉ የቀጠረው ቴትራ ቴክ ኢሲ የሚባል ኩባንያ ነበር። ሠራተኞቹ ከተበከለው ቦታ መውሰድ ሲገባቸው ከሌላ ቦታ ንጹሕ አፈር እየዘገኑ ናሙና ነው ብለው ላኩ። ሁለት ሱፐርቫይዘሮች ጥፋታቸውን አምነው እያንዳንዳቸው 8 ወር እስር ተፈርዶባቸዋል፤ ይሄ በ2018 ይፋ ሆነ። ኩባንያው "ጥቂት ሰዎች ያደረጉት ነው" ሲል ነበር። ጥቂትም ይሁኑ ብዙ፣ ውጤቱ አንድ ነው፤ ጸድቷል የተባለው መሬት እንደገና ይለካ ተባለ።

በእኔ በኩል ግን ጥፋቱ ከሁለት ሰው በላይ ነው። መሬቱን የበከለው ባህር ኃይሉ፣ ማጽዳቱን የሚመራው ባህር ኃይሉ፣ ለኮንትራክተሩ የሚከፍለው ባህር ኃይሉ። የፌዴራሉና የካሊፎርኒያ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቶች ይቆጣጠራሉ፣ እውነት ነው፣ ግን ተማሪ ፈተናውን ራሱ አርሞ ውጤቱን ለመምህሩ እንደሚያሳየው ዓይነት ነው። ሌላ ገለልተኛ ሰው ከዚያው ጉድጓድ፣ በዚያው ሰዓት፣ የራሱን አፈር ዘግኖ በሌላ ላቦራቶሪ ቢያስመረምር ኖሮ ማጭበርበሩ በጊዜ ይያዝ ነበር።

ጥያቄ፦ አንዳንዱን ቦታ ዝም ብለው ይሸፍኑታል አሉ። መሸፈን ማጽዳት ነው እንዴ?

መልስ፦ አይደለም፣ ግን ሕጉ ይፈቅዳል። ቦታው ከ1989 ጀምሮ በፌዴራሉ የከባድ ብክለት መዝገብ ውስጥ ነው፤ ብክለቱ እዚያው ከቀረ በየ5 ዓመቱ እንዲገመገም ግዴታ አለ። ሽፋን ሰው አቧራውን እንዳይነካና እንዳይተነፍስ ይረዳል። መሬቱን አይለውጠውም። በ2000 ያ ቆሻሻ መጣያ እሳት ያዘውና ከመሬት በታች ለሳምንታት ሲጨስ ከረመ፤ በዚያው ዓመት የከተማው ድምፅ ሰጪዎች በትልቅ ብልጫ "ሙሉ በሙሉ ይጽዳ" አሉ። አሁን ደግሞ የባህሩ ወለል ሲጨምር የከርሰ ምድሩንም ውሃ አብሮ ወደ ላይ ይገፋዋል። ሽፋኑ ከላይ፣ ውሃው ከታች። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው።

ጥያቄ፦ የአክስቴ ልጅ እዚያ ቤት ሊገዛ ነው። ተው ልበለው?

መልስ፦ እህቴ፣ ውሳኔውን ለእሱ ተይለት፣ ግን ሳይፈርም ይጠይቅ። ግቢው ፓርሴል በሚባሉ ቁራሽ መሬቶች የተከፋፈለ ነው፤ ፓርሴል ኤ ለምሳሌ በ2004 ለከተማው ተላልፎ ቤት ተሠርቶበታል፣ ከሌሎቹ ብዙዎቹ ገና ናቸው። የእሱ ቤት የትኛው ላይ ነው? ከጎኑ ያለውስ ምን ደረጃ ላይ ደርሷል? በድጋሚ ተለክቷል? ጓሮውን ቆፍሮ ጎመን መትከል ይፈቀድለታል? መልሱን በጽሑፍ ይቀበል፣ በአፍ የተነገረውን አይመን።