መጀመሪያ በሩን ይዩ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እ.ኤ.አ. በ1971 የተሠራች ኤምጂቢ የተባለች ባለ ሁለት ወንበር ክፍት የእንግሊዝ ስፖርት መኪና አግኝቻለሁ። ሞተሯ ወዲያው ይነሳል፤ ቀይ ቀለሟም ያብረቀርቃል። ሻጩ «የቀራት ጥቂት ሥራ ነው» ይላል። ገዝቼ እንደ ጥንቷ ላድሳት አስቤያለሁ፤ ከመክፈሌ በፊት ምኗን ልመርምር?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሞተሩን ለጊዜው ይርሱት። 1,798 ሲሲ የሆነ፣ ውስብስብነት የሌለው ሞተር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1980 ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ኤምጂቢ ስለተመረተ መለዋወጫው ዛሬም ይገኛል። ቢበላሽ እንኳ ወርዶ ታድሶ ይመለሳል። አካሏ ከበሰበሰ ግን ጉዳቱ የት ድረስ እንደሄደ የሚታወቀው ከተፈታ በኋላ ነው።

ይህች መኪና ለብቻው የቆመ ሻንሲ የላትም፤ ክፍት በመሆኗም ጣሪያ አያግዛትም። የፊቱንና የኋላውን ክፍል አያይዞ የሚሸከመው ከበሮቹ ሥር ያለው ደፍ ነው። ከውጭ የሚታየው አንድ ላሜራ ቢሆንም በውስጡ ሌሎች ላሜራዎች ተደርበው ተበይደዋል፤ ዝገቱም ብዙውን ጊዜ ከውስጥ ይነሳል። በበሰበሰው ላይ አዲስ ላሜራ ለጥፎ ቀለም የሚቀባ ሞልቷል። የእርስዎ ቀይ ቀለም ያሠጋኝም ለዚሁ ነው።

በሩን ዘግተው በበሩና በኋላው አካል መካከል ያለውን ክፍተት ይመልከቱ። ከላይ ጠብቦ ከታች ከሰፋ መኪናዋ ወገቧ ላይ ጎብጣለች ማለት ነው። ከዚያ በሻጩ ፈቃድ በክሪክ መግቢያዋ በኩል አንድ ጎኗን አንሥተው ያንኑ ክፍተት እንደገና ያስተያዩ። ከተለወጠ፣ ወይም በሩ አልከፈት ካለ፣ ደፉ አልቋልና ያመስግኑና ይሂዱ። በክሪክ ብቻ ከተነሣች መኪና ሥር ግን ፈጽሞ አይግቡ።

ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልለው በደፉ፣ ከፊት ጎማ በስተኋላ ባለው የፓራፋንጎ ግርጌ፣ እንዲሁም በኋላ ጎማ ዙሪያ ያስኪዱት። የማይዝበት ቦታ ስቱኮ ነው። ምንጣፉን ገልጠው ወለሉን ይዩ። ከወንበሮቹ ኋላ ያለውን ክዳንም ያስከፍቱ፤ በዚያ ዘመን የነበሩት ሁለት ባለ 6 ቮልት ባትሪዎች የሚቀመጡት እዚያ ነው፤ አሲዱ ሣጥኖቻቸውን ይበላል። ሥሯ ሁሉ በአዲስ ጥቁር ሬንጅ ተለቅልቆ ካገኙት፣ እኔ ብሆን ስለ ዋጋ ከመነጋገሬ በፊት ምን እንደሸፈነ እጠይቃለሁ።

ይህን ሁሉ ካለፈች ወደ ሞተሩ ይሂዱ። ኮፈኑን አስከፍተው ሞተሩን በእጅዎ ይንኩ። ሙቅ ከሆነ ሻጩ ቀድሞ አስነሥቶታል፤ በቀዝቃዛነቱ የሚያስቸግረውን ሊደብቅዎት ይችላልና ሌላ ቀን ይመለሱ። ከሞቀ በኋላ የዘይት ግፊቱን በጉዞ ላይም፣ ቆማ ሳለችም ይከታተሉ። ቸርኬዎቿ ባለ ሽቦ ከሆኑ አንድ ሰው ፍሬን ይርገጥልዎት፤ እርስዎ ከመሬት የተነሣውን ጎማ ወደፊትና ወደኋላ ያወዛውዙት። ጎማው ፍሬኑ ተይዞም የሚላወስ ከሆነ ቸርኬው ከመኪናዋ ጋር የሚገጣጠምባቸው ጥርሶች ተበልተዋል። ይህ ለዋጋ መከራከሪያ እንጂ መኪናዋን ለመተው ምክንያት አይሆንም።

በመጨረሻ የሻንሲ ቁጥሯን ከባለቤትነት ደብተሩ ጋር ያመሳክሩ። የ1971 ክፍት ኤምጂቢ ቁጥር በጂኤችኤን5 ይጀምራል፤ ጂኤችዲ5 ካነበቡ ቁጥሩ ጣሪያ ያላት የጂቲዋ ነው። ያን ጊዜ ሻጩን ማብራሪያ ይጠይቁት፤ ቀብድም አይስጡት።