ሲሲሊን በመኪና፦ የእናቴ ጉልበት ይችለዋል?

ጥያቄ

እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎት ከፍራንክፈርት ነው። በመጋቢት መጨረሻ ከባለቤቴና ከእናቴ ጋር ስምንት ቀን ሲሲሊ ልንሄድ ነው። መኪና ተከራይተን ደሴቲቱን ሙሉ ለመዞር አስበናል። ባለቤቴ በቀን ሦስት አራት ከተማ የሚያዳርስ ዕቅድ አውጥቷል። እናቴ 71 ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷን ያማታል። ሁዳዴን ትጾማለች፣ ዓሣም አትቀምስም። ይቻላል ይላሉ? ምን ትበላለች?

መልስ

እህቴ፣ የባልሽን ዕቅድ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ደግ ሰው ነው፤ ምንም እንዳያመልጣችሁ ብሎ ነው። ግን ሲሲሊ ካርታ ላይ ብታንስም ከ25,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነች። በሜዲትራኒያን ባሕር እሷን የሚያህል ደሴት የለም። በዚህ ዕቅድ ከሄዳችሁ ዓይናችሁ አዋጅ ይሆንበታል፤ እናትሽም ሲሲሊን ከመኪና ሳይወርዱ አይተው ይመለሳሉ።

እኔ ካታኒያ ስድስት ዓመት ኖሬያለሁ። ሥራዬ አንዲት አሮጊት መንከባከብ ነበር። ሲኞራ ነበር የምላቸው። ጉልበታቸው እንደ እናትሽ ነው፤ ቤት መዋል ግን አይወዱም። እሁድ እሁድ በአሮጌዋ ፊያት ፓንዳቸው እየነዳሁ ግማሹን ደሴት አዞርኳቸው። የት አግዳሚ ወንበር እንዳለ፣ የት ደረጃ እንደሚበዛ የማውቀው በእሳቸው ጉልበት ነው።

ስለዚህ ምክሬ ግማሹን ደሴት ተዉት ነው። ታኦርሚናን፣ ሜሲናን፣ ትራፓኒን፣ ኤሪቼን ከዕቅዱ አውጡ። ካታኒያ ግቡና ሁለት ሌሊት እደሩ። ሲራኩዛ ሁለት፣ አግሪጀንቶ አንድ፣ ፓሌርሞ ሁለት። በረራችሁን በካታኒያ መግቢያ፣ በፓሌርሞ መመለሻ አድርጉት። መኪናውን ሌላ ከተማ መመለስ ተጨማሪ ያስከፍላል፤ ግን አንድ ሙሉ ቀን ያተርፍላችኋል።

ካታኒያ ጥቁር ከተማ ነች። እ.ኤ.አ. በ1669 የእሳተ ገሞራው ተራራ የኤትና ላቫ እስከ ከተማዋ ድረስ ወረደ። በ1693 ደግሞ የመሬት መንቀጥቀጥ አፈረሳት። ያንኑ የላቫ ድንጋይ ጠርበው መልሰው ሠሯት። በካቴድራሉ አደባባይ ከዚያው ጥቁር ድንጋይ የተቀረጸ ዝሆን ቆሞ ታያላችሁ።

ወደ ኤትና በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ነው። መንገዱ ሪፉጂዮ ሳፒየንዛ ድረስ ያደርሳችኋል። ቦታው 1,900 ሜትር ላይ ነው። ከአዲስ አበባ ዝቅ ስለሚል ለትንፋሽ አትስጉ። ከመኪና ማቆሚያው ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ በ1892 ፍንዳታ የተፈጠሩ የሲልቬስትሪ ጉድጓዶች አሉ። እናትሽ ከዚያ በላይ መውጣት የለባቸውም፤ ባልሽ ከፈለገ በኬብል መኪናው ይውጣ። በዚያ ሰሞን በረዶ ሊኖር ስለሚችል ስትከራዩ ለጎማው ሰንሰለት ጠይቁ፤ ወፍራም ልብስም ያዙ። ስትወርዱ በመንገዱ ዳርና ዳር ቁልቋል ታያላችሁ። በትግራይ የምናውቀው በለስ ነው። ፍሬው የሚደርሰው ከነሐሴ ወዲህ ስለሆነ አሁን አታገኙትም። በእሱ ፈንታ ልቡ ደም የመሰለ ብርቱካን አለ፤ በዚያ ወቅት መንገድ ዳር ይሸጣል።

ሲራኩዛ ላይ ጊዜ ስጡ። አሮጌው ከተማ ኦርቲጂያ ይባላል፤ ትንሽ ደሴት ነው፣ ሜዳም ነው። መኪናውን ታሌቴ በሚባለው ማቆሚያ ተዉትና በእግር ግቡ። ካቴድራሉ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው ክፍለ ዘመን ለግሪኮቹ ሴት አምላክ ለአቴና የተሠራ ቤተ መቅደስ ነበር። ክርስቲያኖቹ ዓምዶቹን አላፈረሱም፤ በመሃላቸው ግድግዳ ሞልተው ቤተ ክርስቲያን አደረጉት። ሲኞራ ሁልጊዜ እንደገባን ዱላቸውን ለእኔ ሰጥተው አንደኛውን ዓምድ በሁለት እጃቸው ይዘው ይቆሙ ነበር። ድንጋዩ ይቀዘቅዛል፣ የተቦረቦረ ነው፣ ጣት ይገባበታል። እናትሽም ይንኩት።

ከዚያ ግማሽ ቀን ለኖቶ። እሷም በ1693 ፈርሳ ሌላ ቦታ ላይ እንደ አዲስ የተሠራች ከተማ ነች። ድንጋይዋ የማር ቀለም አለው፤ ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ሂዱ። የካቴድራሉ ደረጃ ብዙ ነው። ከሥር ቁጭ ብሎ ማየት ይበቃል፤ እኛም እንደዚያ ነበር የምናደርገው።

አሁን ስለ ምግብ። አታስቢ፣ ሲሲሊ ለጿሚ ትመቻለች። ማኮ የሚባል አለ። ደረቅ ባቄላ እስኪሟሟ ቀቅለው የወይራ ዘይት ያፈሱበታል፣ የዱር እንስላል ይበትኑበታል። ሲኞራ በቅዱስ ዮሴፍ ዕለት፣ ማርች 19፣ ይሠሩታል። መጀመሪያ የቀመስኩ ቀን ወጥ ቤቱ እንስላል እንስላል ሲሸት እናቴ ጓዳ የገባሁ መስሎኝ እንባዬ መጣ። ፓሌርሞ ደግሞ ፓኔሌ አለ፤ የሽምብራ ዱቄት በውኃ አገንፍተው፣ ቀጭን አድርገው ቆርጠው የሚጠብሱት። ዳቦ ውስጥ አድርገው ነው የሚሸጡት። የአልሞንድ ግራኒታ የተባለው በረዶ ከአልሞንድ፣ ከስኳርና ከውኃ ብቻ ነው። አብሮት የሚመጣው ብሪዮሽ የተባለ ለስላሳ ዳቦ ግን ቅቤና እንቁላል አለበትና ይቅርባቸው። ፓስታ አላ ኖርማ (የደበርጃንና የቲማቲም ፓስታ) ሲያዝዙ «ሴንዛ ሪኮታ» በሉ፤ አይብ ይቀርላቸዋል። በሞዲካ ስታልፉ ወተት የሌለው፣ ስኳሩ ጥርስ ላይ ቅርጭ የሚል ቸኮሌት አለ፤ ለመንገድ ያዙ።

ከሲራኩዛ አግሪጀንቶ ረጅሙ የመንዳት ቀናችሁ ነው። ጠዋት ተነሡ፣ ሞዲካ ላይ እረፉ። በማግስቱ የጥንት ግሪኮች ቤተ መቅደሶች ወዳሉበት ሸለቆ በላይኛው በር፣ በጁኖ ቤተ መቅደስ በኩል ግቡ። መንገዱ ቁልቁል ስለሆነ ለጉልበት ይሻላል። ወደ መኪናችሁ በታክሲ ተመለሱ። የኮንኮርዲያ ቤተ መቅደስ እስካሁን የቆመው በ6ኛው ክፍለ ዘመን ቤተ ክርስቲያን ስለተደረገ ነው።

አግሪጀንቶ ላይ አንድ ነገር እለምንሻለሁ። ኦክቶበር 3 ቀን 2013 ላምፔዱዛ ደሴት አጠገብ የስደተኞች ጀልባ ሰምጦ ከ360 በላይ ሰው አለቀ። አብዛኞቹ ኤርትራውያን ነበሩ። አስከሬናቸው በሲሲሊ በየመቃብር ስፍራው ተከፋፍሎ ተቀበረ። አግሪጀንቶም አሉ። ከሲኞራ ጋር ሄጄ ነበር። ስም የሌለው፣ ቁጥር ብቻ የተጻፈበት ድንጋይ ፊት ስንቆም «ይሄ የማን ልጅ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ቁጥሩን አነበብኩላቸው። ከቦርሳቸው መሐረብ አውጥተው አቧራውን ጠረጉት። ሻማ ይዛችሁ ሂዱ። እናትሽ እዚያ ምን እንደሚደረግ ያውቃሉ።

ስለ መኪናው ጥቂት። ትንሽ መኪና ተከራዩ፤ መንገዶቹ ጠባብ ናቸው። ነጭ መስመር ያለው ማቆሚያ ነጻ ነው፣ ሰማያዊው ይከፈላል፣ ቢጫው የሌላ ሰው ነው። የከተሞቹ መሃል «ዜታ ቲ ኤሌ» የሚባል ክልል አለው፤ ፈቃድ የሌለው መኪና አይገባም። መግቢያው ላይ «ቫርኮ አቲቮ» የሚል ጽሑፍ ሲበራ ካሜራው እየሠራ ነው። እኔ ፓሌርሞ በአንድ ቅዳሜ ሦስቴ ገብቼ ከወራት በኋላ ሦስት ቅጣት መጣልኝ፤ የወር ደሞዜን ጎድቶታል። ስለዚህ ፓሌርሞ እንደገባችሁ መኪናውን ዕለቱኑ መልሱ። ከአግሪጀንቶ ወደዚያ የሚወስደው መንገድ ጥገና አያጣውምና ሁለት ሰዓት ተኩል ያዙለት።

ፓሌርሞ ላይ ከሁሉ በፊት ሞንሪያሌ በታክሲ ሂዱ፤ ከፓሌርሞ በላይ ኮረብታው ላይ ነች። ንጉሥ ጉልየልሞ ሁለተኛ በ12ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት ካቴድራል ግድግዳው ሁሉ የወርቅ ሞዛይክ ነው። የኖኅ መርከብ አለ፣ የአዳም መፈጠር አለ፤ ከመሠዊያው በላይ እጁን ዘርግቶ የሚባርክ ግዙፍ ክርስቶስ። እናትሽ ሥዕሎቹን አንድ በአንድ ለባልሽ ያስረዱታል፤ እንዳታቻኩሏቸው። ብዙ ቤተ ክርስቲያን ከቀትር በኋላ ለሰዓታት ይዘጋልና በጠዋት ድረሱ። ትከሻ መሸፈን ግድ ነው፤ ነጠላቸውን ሻንጣ ውስጥ አታድርጉት፣ በእጅ ይሁን።