«የዘመኑ ልጅ ሆና ኮምፒውተር ያስፈራታል?»

ጥያቄ፦ የ17 ዓመት ልጅ አለችኝ፤ በትምህርቷ ጎበዝ ናት። ዘንድሮ ግን አሳይመንቱም ፈተናውም በኦንላይን ሆነና ልጄ ሌላ ሰው ሆነችብኝ። ላፕቶፕ ፊት ስትቀመጥ ትነጫነጫለች፤ ሠርታ የጨረሰችውን እንኳ ሳትልክ ቀኑ ያልፍባታል። የ14 ዓመቱ ወንድሟ «ይሄ እንኳ ያቅትሻል?» እያለ ይስቅባታል፤ ሲብስባት ደግሞ ነጥቆ እሱ ይልክላታል። አባቷ «ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ ተጥደሽ እየዋልሽ ለትምህርት ሲሆን ነው የሚያስፈራሽ?» ይላታል። በቀደም አልቅሳ በሯን ዘጋች። ሰንፋ ነው ልበል ወይስ የሚያሳስብ ነገር አለ?

መልስ፦ ውድ እናት፣ ልጅዎ ሰንፋ አይመስለኝም። ሰነፍ ሥራውን አይጨርስም፤ እሷ ጨርሳ ነው መላክ የሚያቅታት።

ከባለቤትዎ ጥያቄ ልጀምር፤ ብዙ ወላጅ የሚጠይቀው ነውና። ስልክ ላይ መዋልና በኮምፒውተር መማር ለየቅል ናቸው። ስልኳ ላይ ብትሳሳት የሚያያት የለም፤ ቀጣዩ ቪዲዮም ራሱ ይመጣላታል። ፋይሉን የት እንዳስቀመጠች የሚጠይቃት፣ ሰዓት የሚቆጥርባት፣ ነጥብ የሚይዝባት የለም። እ.ኤ.አ. በ2018 በተለያዩ አገሮች የ8ኛ ክፍል ተማሪዎችን የኮምፒውተር ችሎታ የለካ ዓለም አቀፍ ጥናት ከፍተኛው ደረጃ ላይ ያገኘው 2 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው። ከመሣሪያዎቹ ጋር ማደግ ብቻውን ባለሙያ አያደርግም ማለት ነው። በዚያው ጥናት ሴቶቹ በአማካይ ከወንዶቹ የተሻለ ውጤት ነበራቸው፤ ከበድ ያሉ የኮምፒውተር ሥራዎችን «እችላለሁ» በማለት የበለጡት ግን ወንዶቹ ናቸው። ይህን ለልጅዎ ቢነግሯት ደስ ይለኛል። ለወንድሟም።

ከደብዳቤዎ ውስጥ ደጋግሜ ያነበብኩት «ነጥቆ እሱ ይልክላታል» የሚለውን ነው። ከፌዙም ከአባቷ ቁጣም ይልቅ የሚጎዳት እሱ ይመስለኛል። የሥነ ልቦና ሊቁ አልበርት ባንዱራ እ.ኤ.አ. በ1977 እንዳስቀመጠው፣ ሰው በራሱ ችሎታ እንዲያምን ከሚያደርጉት ነገሮች ሁሉ የሚበረታው በገዛ እጁ ሠርቶ ሲሳካለት ማየቱ ነው። ልጅዎ በየጊዜው የምታየው ተቃራኒውን ነው፤ ሥራው የሚሳካው እሷ ከላፕቶፑ ስትነሳ ነው። ለእርሷ ታስቦ የተደረገው እርዳታ «አልችልም»ን እያስተማራት ነው።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ኪቦርዱን እሷ ብቻ ትንካ። ወንድሟ ሊያግዛት ከፈለገ አጠገቧ ተቀምጦ በቃል ይንገራት፤ ቢዘገይም፣ ቢያናድደውም። ልጁን በእህቱ ፊት አይቆጡት፤ ለብቻው ያናግሩት። በነገራችን ላይ እሱ በአፍታ የላከውን የራሱን አሳይመንት አንድ ቀን እንዲያስረዳዎት ይጠይቁት። ፍጥነት እኛን አዋቂዎችን በቀላሉ ያታልለናል፤ ቶሎ መላኩ ተረድቶታል ማለት አይደለም።

ከልጅዎ ጋር ሲነጋገሩ ደግሞ «ለምን ትፈሪያለሽ?» አይበሏት። «የትኛው ላይ ስትደርሺ ነው የሚይዝሽ?» ብለው ይጠይቋት። ፓስወርዱ ወይም ፋይል መጫኑ ከሆነ መፍትሔው ልምምድ ነው። አስተማሪዋ ነጥብ የማይያዝበት የሙከራ ሥራ ቢከፍቱላትና ባዶ ገጽም ቢሆን ደጋግማ ብትልክ በአጭር ጊዜ ይለምድላታል። ረቂቋን በወረቀት መጻፍ ከፈለገችም ይተዉአት፤ ወደ ኋላ መቅረት አይደለም።

እኔ ግን የምጠረጥረው ሌላ ነው። ጎበዝ ተማሪዎችን ብዙ ጊዜ የሚይዛቸው «ላክ» የሚለው ቁልፍ ነው፤ ከተጫኑት በኋላ ማረም የማይቻል ስለሚመስላቸው። እሷም «ገና ይቀረዋል» የምትልዎት ከሆነ ጭንቀቷ ከኮምፒውተሩ ጋር አይደለም፤ እንከን እንዳይገኝባት ነው። ያኔ የኮምፒውተር ትምህርት ብዙም አይረዳትም። የሚረዳት መላኪያ ሰዓቷን አስቀድማ ወስና፣ ሰዓቱ ሲደርስ የደረሰችበትን መላክ ነው። የመጀመሪያዎቹን ቀናት አጠገቧ ይቀመጡ፤ ሥራውን ግን አያንብቡባት።

እንቅልፏ ወይም የምግብ ፍላጎቷ ከተዛባ፣ ከትምህርት ቤት መቅረት ከጀመረች፣ ወይም ጭንቀቱ ወደ ሌላው ኑሮዋም ከተሻገረና ለሳምንታት ከቆየ ባለሙያ ጋር ይውሰዷት። አባቷን በተመለከተ፣ ንጽጽሩን ቢያቆሙ ለጊዜው ይበቃል። የስልኩ ጉዳይ በሌላ ቀን፣ ከአሳይመንቱ ተለይቶ ይነሳ።