ሎንደን በሀዋሳ ኪስ

ለሥልጠና ሦስት ሳምንት ሎንደን እንደነበርኩ ጠቀስ ካደረግሁ ወዲህ የአንባቢ ጥያቄ በዛብኝ። አበሌ እንኳን ሦስት ሳምንት ሦስት ቀንም የሚያዘልቅ አይመስልም ነበር። ግን አብቃቅቼ ተመለስኩ፤ ለእህቴ ጫማ መግዣም ተርፎኛል። ከጥያቄዎቹ ጥቂቶቹን ልመልስ።

«መምህር ነኝ። ሎንደን ሁሉ ነገር በብር ነው ይሉኛል። ሳልከፍል የማየው ነገር ይኖር ይሆን?» (ከታቦር)

መምህር፣ እንዲያውም ዋና ዋናው በነፃ ነው። ብሪቲሽ ሙዚየም፣ ናሽናል ጋለሪ፣ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም፣ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም፤ የሁሉም መግቢያ ነፃ ነው። የሚከፈለው ለልዩ ኤግዚቢሽን ብቻ ነው። በር ላይ የስጦታ ሣጥን ታገኛላችሁ፤ ዝም ብሎ ቢያልፉት ማንም አይቆጣም።

እኔ ብሆን ከቪክቶሪያና አልበርት እጀምራለሁ። ከመቅደላ የተወሰደው የወርቅ ዘውድና ጽዋ እዚያ ነው። እኔ በሄድኩ ጊዜ መስታወቱ ላይ አፍንጫዬን ልለጥፍ ምንም አልቀረኝም፤ ጽዋው ላይ የተቀረጸውን ግዕዝ ፊደል በፊደል እየቆጠርኩ ነበር። ዐፄ ኢያሱና እቴጌ ምንትዋብ ለጎንደሯ ቁስቋም ቤተ ክርስቲያን የሰጡት ነው። አጠገቤ የቆሙት ፈረንጆች የወርቁን ማማር ያደንቃሉ፤ እኔ ደግሞ ጽሑፉን ያለ አስተርጓሚ ማንበቤን። እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ የተዘረፈውን ንብረት ለማጓጓዝ 15 ዝሆንና 200 ገደማ በቅሎ አስፈልጎ ነበር። ይህን እያሰቡ ሲያዩት መግቢያው ነፃ መሆኑ ብዙም አያስደስትም።

ብሪቲሽ ሙዚየም ያሉትን ታቦታት ግን ለማየት እንዳይደክሙ። ለሕዝብ አይታዩም፤ የሙዚየሙ ሠራተኞችም አያዩአቸውም።

«ታክሲው አይቀመስም ሲሉ ሰማሁ። እንደኛ ባጃጅ የለም ወይ?» (ከመናኸሪያ)

ባጃጅስ የለም፤ አውቶቡስ ግን አለልህ። የመጀመሪያ ቀን እኔም እንደ ሀዋሳ ሰው ብር በእጄ ይዤ ወጣሁ። ሾፌሩ ራሱን ነቀነቀ። ዝርዝር የለውም ብዬ ሌላ ኖት አወጣሁ፤ አሁንም ነቀነቀ። ከኋላዬ ሰልፉ እየረዘመ ነው። ለካ የሎንደን አውቶቡስ ጥሬ ገንዘብ መቀበል ካቆመ ቆይቷል! በእግሬ ተመለስኩ።

ኦይስተር የሚባለውን ካርድ ባቡር ጣቢያ ግዛ፤ በጥሬ ገንዘብ ይሞላል። አውቶቡስ ላይ ስትሳፈር ብቻ ካርዱን ማሽኑ ላይ ታስነካለህ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ከአውቶቡስ አውቶቡስ ብትቀያይር የሚቆረጥብህ አንዴ ብቻ ነው፤ የቀኑም ሒሳብ ጣሪያ አለው። የምድር ውስጥ ባቡር ላይ ግን ስትገባም ስትወጣም አስነካ። ስትወጣ ከረሳህ ትልቁን ሒሳብ ይቆርጥብሃል። ከሂትሮው ኤርፖርትም ፈጣኑ ባቡር ይቅርብህ፤ ፒካዲሊ የሚባለው የምድር ውስጥ ባቡር መስመር ቀስ ብሎ በርካሽ ያደርስሃል።

ለጉብኝት ብለህ ውድ አስጎብኚ አውቶቡስ አትያዝ። 15 ቁጥር ላይ ውጣና ፎቁ ላይ ፊት ለፊት ተቀመጥ። የለንደን ግንብንም የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራልንም ታያለህ።

«የአክስቴ ልጅ እዚያ አለች። አሥር ቀን እሷ ጋር ባርፍ ይከብዳት ይሆን?» (ከፒያሳ)

አዎ፣ ይከብዳታል፤ ግን አትነግርሽም። እዚያ ቤት ጠባብ ነው፣ ሥራም በፈረቃ ነው። ስለዚህ የሳምንቱን አስቤዛ አንቺ ግዢ፤ ከሥራ ስትገባ ወጡ ሞቆ ይጠብቃት። ይህን ካደረግሽ አሥሩ ቀን አይረዝምባትም። ከሀገር ቤት በሶ፣ ቆሎና የተቆላ ቡና ያዢላት። ቅቤና ቋንጣ ግን ተዪ፤ ሥጋና የወተት ውጤት ስለማይፈቀድ ኤርፖርት ላይ ይወስዱብሻል፤ የእናትሽ ድካም ቅርጫት ውስጥ ሲገባ ማየት ደግሞ ያማል።

ዘመድ የሌላችሁ፣ በክረምት ተማሪዎች ሲወጡ አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች የተማሪ ክፍል ለእንግዳ ያከራያሉ። ከሆቴል በጣም ይሻላል።

«በየትኛው ወር ብሄድ ይረክሳል?»

ከእኛ ገና በኋላ እስከ የካቲት። ብርዱ ግን ብርድ ነው፤ ጥር ላይ በእኛ አቆጣጠር 11 ሰዓት ሳይሞላ ይጨልማል። ጠዋት በጊዜ ውጡ።

«ልዑል ዓለማየሁ ያረፈበትን ማየት እፈልጋለሁ። የቤተ መንግሥቱ ትኬት ግን ከአቅሜ በላይ ነው።» (አንዲት እናት)

እማማ፣ ትኬቱን አይግዙ። ዊንድዘር ግቢ ውስጥ ያለው የቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ለጸሎት ለሚመጣ ሰው አያስከፍልም። በር ላይ «ለጸሎት ነው» ይበሉ። ከዋተርሉ ጣቢያ አንድ ሰዓት ገደማ በባቡር ነው፤ የጠዋቱ ግርግር ካለፈ በኋላ ቢሳፈሩ ቲኬቱ ይቀንሳል። የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ነው፤ በ7 ዓመቱ ከመቅደላ ተወስዶ እ.ኤ.አ. በ1879፣ ገና በ18 ዓመቱ ነው ያረፈው። ግድግዳው ላይ ያለው የነሐስ ጽሑፍ «እንግዳ ሆኜ ተቀብላችሁኛልና» ይላል። ማን ጠርቶት ነው እንግዳ የሆነው እያልኩ ወጣሁ። አጽሙ ወደ ሀገሩ ይመለስ የሚለውን ጥያቄ ቤተ መንግሥቱ እ.ኤ.አ. በ2023 አልተቀበለውም።

«እንደ ፍቅር ሐይቅ አረፍ የሚባልበት ቦታ አለ?»

ሃይድ ፓርክ ውስጥ ሰው ሠራሽ ሐይቅ አለ። ዓሣ ጥብስ አትጠብቁ። ዳር ላይ የተደረደሩት የሸራ ወንበሮች ያምራሉ፤ ኪራይ አላቸው። ሣሩ ላይ ተቀመጡ።